ስለ ቀንድ አውጣ የነርቭ ሕዋሳት፤ ከባሕር ዳር እስከ ወንጂ ቦይ

በተማሪዎች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም፤ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ልጆቹን ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚልከው ችግሩን እንዲያቃልሉለት ነው፤ ታዲያ በሩቅ ባሕር ውስጥ ስለሚኖር ስለ አንድ ቀንድ አውጣ ነርቭ መማር ለማን ይበጃል?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ጠያቂው ስለ ወገኑ የሚያስብ ሰው ነውና። ስለዚህ እኛም መልሱን በትልልቅ ቃላት ለመስጠት አንሞክርም። ከአዳማ (ናዝሬት) ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኘው ከወንጂ የመስኖ ቦይ ተነሥተን እስከ ባሕሩ እንሄዳለን፤ ከዚያም ያገኘነውን ይዘን ወደዚያው ቦይ እንመለሳለን። ፍርዱን አንባቢ ይስጥ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በቦዩ ውስጥ ያለው ጕዳይ

ወንጂ የሸንኮራ አገዳ አገር ነው። መቀመጫው በአምስተርዳም የነበረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ውሃ አገዳ አልምቶ በ1954 ስኳር ማምረት ጀመረ። መስኖው ለብዙ ሺሕ ሰው እንጀራ አመጣ። ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚፈሰው፣ ለብ ያለው፣ ዳሩን ሣርና አረም የሸፈነው የቦይ ውሃ ለአንዲት ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣም ተስማሚ ቤት ሆነላት። ሳይንሳዊ ስሟ ባዮምፋላርያ ፋይፈሪ ይባላል። ቁመቷ ከጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም፤ ዛጎሏም እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ነው።

ይህች ቀንድ አውጣ ብቻዋን ማንንም አትጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው የቢልሃርዝያን ትል በሰውነቷ ውስጥ ስለምታሳድግ ነው። በአንጀት ቢልሃርዝያ የተያዘ ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቍላል በዝናብ ታጥቦ ወደ ውሃ ይገባል። ከዕንቍላሉ የሚፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣዋን ፈልጎ ሰውነቷ ውስጥ ይገባል፤ በዚያም ይባዛል። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ጅራት ያላቸው ጥቃቅን እጮች በየቀኑ በመቶዎች፣ አንዳንድ ጊዜም በሺሕ እየተቈጠሩ ከእርሷ ወደ ውሃው ይወጣሉ። ውሃ የሚቀዳ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ የሚዋኝ ወይም ቦይ የሚጠርግ ሰው ያገኙ እንደ ሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን በስተው ይገባሉ። አድገውም በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ተባዕቱና እንስቷ ተቃቅፈው ይኖራሉ። እንስቷ በየቀኑ ከምትጥላቸው ዕንቍላሎች ብዙዎቹ ወደ ውጭ ሳይወጡ በጉበትና በአንጀት ውስጥ ይቀራሉ። ጉበት የሚያሳብጠው፣ ሆድ የሚነፋው፣ ሕፃኑን አዳክሞ ከትምህርቱ የሚያስቀረው ይህ ነው።

በሽታው በወንጂ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በባቱ (ዝዋይ) ከተማና በሐይቁ ዳር ባሉት የአዳሚ ቱሉ መንደሮችም የታወቀ ነው። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሰው ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ይሁን እንጂ የተፈወሰው ሰው በማግሥቱ ወደዚያው ውሃ ቢገባ እንደ ገና ከመያዝ አያድነውም። ስለዚህ ጕዳዩ ሁልጊዜ ወደ ቀንድ አውጣዋ ይመለሳል።

ስለ ቀንድ አውጣዋ ስንናገር የእንዶድን ታሪክ ማስታወስ ይገባናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሲዘዋወሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ቁልቁል ባለው ወንዝ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ለነጠላና ለጋቢ ማጠቢያ የሚያውቁት ፍሬ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑ በዚያ ታወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1966 በዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በእርሳቸው ስም ይጠራል፤ በ1989ም እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

እንግዲህ ቀንድ አውጣዋን መግደል ይቻላል። ችግሩ ግን ሌላ ነው። እንዶድ የደረሰችውን ቀንድ አውጣ ቢገድልም በዕንቍላሏ ላይ ያለው ኃይል አነስተኛ ነው። ከዚህም በላይ ባዮምፋላርያ ወንድነትንና ሴትነትን በአንድ ሰውነት የያዘች ስለ ሆነች፣ ሌላ ተጓዳኝ ሳያስፈልጋት ራሷን በራሷ አዳቅላ መውለድ ትችላለች። በአንድ ቦይ ውስጥ ካሉት መካከል አንዲት ብቻ ብትተርፍ በጥቂት ወራት ውስጥ ቦዩን መልሳ ትሞላዋለች። ታዲያ ይህች ቀንድ አውጣ ዕንቍላል የምትጥለው መቼ ነው? «አሁን ጣይ» ብሎ የሚያዛትስ ማን ነው? ወደ ባሕሩ የሚወስደን ይህ ጥያቄ ነው።

ለምን ወደ ባሕር?

የባዮምፋላርያ የነርቭ ሕዋሳት እጅግ ጥቃቅን ናቸው። አንድን ሕዋስ ነጥሎ፣ መርፌ ሰክቶ፣ የኤሌክትሪክ ጠባዩን ለሰዓታት መከታተል አስቸጋሪ ነው። በባሕር ውስጥ ግን አፕሊዝያ የምትባል ትልቅ ዘመድ አለቻት። በራሷ ላይ የቆሙት ሁለት ቀንዶች ጆሮ ስለሚመስሉ የባሕር ጥንቸል እያሉ ይጠሯታል። ከውጭ የሚታይ ዛጎል የላትም። የነርቭ ሕዋሳቷ በጠቅላላው ከ10,000 እስከ 20,000 ያህል ሲሆኑ፣ ከነዚህ ትልልቆቹ በዓይን ሊታዩ እስኪችሉ ድረስ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይሰፋሉ። በሰው አንጎል ውስጥ ያሉት 86 ቢሊዮን ያህል ናቸው። ትምህርት ከጥቂቱና ከግልጹ ይጀመራልና፣ ብዙ ሊቃውንት በዚች ፍጥረት ላይ ተሰማሩ። ከእነርሱም አንዱ ኤሪክ ካንዴል በእርሷ ላይ ስለ ትውስታ ባደረጉት ምርምር በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ለእኛ ጕዳይ የሚጠቅመው ሥራ ግን የኧርቪንግ ኩፕፈርማን ነው። በአፕሊዝያ ሆድ አጠገብ ካለው የነርቭ ቋጠሮ ጋር ተያይዘው፣ በግራና በቀኝ ሁለት ከረጢት የሚመስሉ ስብስቦች ይገኛሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ በመቶዎች የሚቈጠሩ ሕዋሳት አሉ፤ «ከረጢት ሕዋሳት» እንበላቸው። ኩፕፈርማን በ1967 ከነዚህ ሕዋሳት የተጨመቀውን ፈሳሽ በሌላ አፕሊዝያ ሰውነት ውስጥ ጨመሩ፤ እርሷም ዕንቍላል መጣል ጀመረች። አዛዡ ተገኘ ማለት ነው።

ዝም ብሎ የሚኖር ሕዋስ

የከረጢት ሕዋሳት አስገራሚ ጠባይ ዝምታቸው ነው። ለቀናት፣ ለሳምንታትም አንዳች ምልክት ሳያሰሙ ይቀመጣሉ። ይህን ለመረዳት የነርቭ ሕዋስ የሚሠራበትን መንገድ በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል።

ሕዋሱን በስስ ሽፋን እንደ ተከበበ የአገዳ ማሳ እንቍጠረው። በሽፋኑ ላይ እንደ ቦይ በር የሚከፈቱና የሚዘጉ የፕሮቲን በሮች አሉ። በውስጥ ፖታሲየም ይበዛል፤ በውጭ ደግሞ ሶዲየምና ካልሲየም ይበዛሉ። ሕዋሱ ሲያርፍ ክፍት ሆነው የሚቆዩት በተለይ የፖታሲየም በሮች ናቸው፤ ከዚህም የተነሣ የውስጡ ኤሌክትሪክ ከውጩ ሲነጻጸር 60 ሚሊቮልት ያህል ዝቅ ይላል። አንድ መልእክት መጥቶ ይህን ልዩነት ካጠበበውና ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ፣ የሶዲየምና የካልሲየም በሮች በድንገት ይከፈታሉ፤ ሕዋሱም «ይተኩሳል»። ከዚያ የፖታሲየም በሮች ይበልጥ ተከፍተው ወደ ዕረፍቱ ይመልሱታል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ሰከንድ በማይሞላ ቅጽበት ነው።

አንድ ሕዋስ በቀላሉ የሚነሣሣ ወይም የማይነሣሣ የሚባለው ወደዚያ ደረጃ ለመድረስ ምን ያህል ግፊት እንደሚያስፈልገው ታይቶ ነው። ልብ ልንል የሚገባን ዋና ነገር፣ ይህ ጠባይ እንደ ቁመት ተወስኖ የተሰጠ አለመሆኑ ነው። ሕዋሱ ራሱ ይለውጠዋል። የሚለውጥበትም መሣሪያ በሮቹ ላይ ፎስፌት የተባለውን ትንሽ ኬሚካል መለጠፍ ነው። ፎስፌት የተለጠፈበት በር ቀድሞ ይከፈት የነበረ ከሆነ ሊዘጋ፣ ይዘጋ የነበረ ከሆነ ሊከፈት ይችላል። ቦዩም በሩም የቀድሞው ነው፤ የተለወጠው በሩን የሚጠብቀው ሰው ትእዛዝ ነው።

የ30 ደቂቃ ጩኸት

ከራስ በኩል ካሉት የነርቭ ቋጠሮዎች አጭር መልእክት ወደ ከረጢት ሕዋሳት ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። መልእክቱ በሰከንዶች ውስጥ ያበቃል፤ ሕዋሳቱ ግን ለ30 ደቂቃ ያህል መተኮሳቸውን ይቀጥላሉ። መጀመሪያ ለአንድ ደቂቃ ገደማ በፍጥነት፣ በሰከንድ እስከ 5 ጊዜ ያህል፤ ኋላም ቀስ ብለው በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ይተኩሳሉ። ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው በኤሌክትሪክ የተያያዙ ስለ ሆኑ አንዱ ሲነሣ ሁሉም ይነሣሉ፤ ደቦ እንደ ተጠራ መንደር ማለት ነው።

የቆመ መልእክት ለግማሽ ሰዓት የሚያስተጋባው ለምንድን ነው? ሊዮናርድ ካዝማሬክና ሌሎች ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ተመራምረው ካገኙት ውስጥ ሦስቱን እንጥቀስ። አንደኛ፤ መልእክቱ በሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን ኬሚካል ያበዛል፤ እርሱም ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ የተባለውን ፎስፌት ለጣፊ ይቀሰቅሳል። በዚህም ምክንያት ሕዋሱን ወደ ዕረፍት የሚመልሱት የፖታሲየም በሮች ይዳከማሉ። ሁለተኛ፤ ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የተባለው ሌላው ለጣፊ በውስጥ ተደብቀው የነበሩ ተጨማሪ የካልሲየም በሮች ወደ ሽፋኑ እንዲወጡ ያደርጋል። ሦስተኛ፤ የገባው ካልሲየም ራሱ ሌላ ዓይነት በር ይከፍታል፤ በዚህ በር የሚገባው ፍሰት ሕዋሱን ከዕረፍቱ ደረጃ ከፍ አድርጎ ያቆየዋል። ሦስቱ ሲተባበሩ ዝምተኛው ሕዋስ ለፋፊ ይሆናል።

ጩኸቱ ረጅም የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ተራ የነርቭ መልእክት የሚተላለፈው በትንንሽ ኬሚካሎች ነው፤ እነርሱም በሕዋሱ ጫፍ አጠገብ ተዘጋጅተው ስለሚጠብቁ አንድ ተኩስ ይበቃቸዋል። የከረጢት ሕዋሳት የሚልኩት ግን ፔፕታይድ ነው፤ ይኸውም በአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት የተሠራ አጭር ፕሮቲን ማለት ነው። ፔፕታይድ በመጀመሪያ እንደ ረጅም ሰንሰለት ይሠራል፤ ከዚያም ይቈራረጥና በየከረጢቱ ተሞልቶ ይከማቻል። ከነዚህ ቁራጮች ዋናው 36 አሚኖ አሲዶች ያሉት የዕንቍላል መጣያ ሆርሞን ነው። እነዚህን ክምችቶች አፍርሶ ወደ ደም ለማፍሰስ የአንድ ቅጽበት ካልሲየም አይበቃም፤ በብዛት ገብቶ መስፋፋትና መቆየት አለበት። እያንዳንዱ ተኩስ በጊዜው እየሰፋ ሲሄድ የሚገባውም ካልሲየም ይጨምራል፤ በሕዋሱ ውስጥ ተከማችቶ የነበረው ካልሲየምም ይለቀቃል። ስለዚህ ተኩሱ ካቆመ በኋላ እንኳ መፍሰሱ ለጊዜው ሊቀጥል ይችላል።

ሆርሞኑ በደም ሲሠራጭ የፍጥረቷ ጠባይ በአንድነት ይለወጣል። መሄዷንና መብላቷን ታቆማለች፤ ራሷን ወዲያና ወዲህ ታወዛውዛለች፤ እንደ ክር ተያይዞ የሚወጣውን ዕንቍላል በአፏ እየያዘች ከድንጋይ ጋር ታጣብቀዋለች። አንድ ክር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕንቍላል ሊይዝ ይችላል።

ዕረፍትም ሥራ ነው

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሕዋሳቱ ለ18 ሰዓት ያህል ያርፋሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያው መልእክት ቢደገም ወይ ጨርሶ አይመልሱም፣ ወይ አጭር ምላሽ ብቻ ይሰጣሉ። ቀኑን ሲያርስ የዋለ በሬ ማታ ቀንበር እንደማይጫንበት ነው። የሚያስደንቀው፣ ምርምሮች እንደሚያመለክቱት ይህን ዕረፍት ከሚያስጀምሩት ነገሮች አንዱ በጩኸቱ ጊዜ የገባው ያው ካልሲየም መሆኑ ነው። ሥራውን ያስጀመረው ራሱ ማቆሚያውንም ያዘጋጃል። ይህ ባይሆን ኖሮ ፍጥረቷ ያለ ምግብና ያለ ዕረፍት ክምችቷን ጨርሳ ትጠፋ ነበር። የሕዋሱ ጥበብ እንግዲህ በመተኮሱ ብቻ አይለካም፤ ለመነሣት የሚያስቸግር፣ ከተነሣ የማያቋርጥ፣ ከጨረሰ የማይነሣ ሆኖ መደራጀቱ ነው።

ወደ ጣፋጩ ውሃ መመለስ

አሁን ከባሕር ወጥተን ወደ ወንዝና ወደ ኩሬ እንመለስ። በአውሮጳ ኩሬዎች ሊምኒያ የምትባል የውሃ ቀንድ አውጣ አለች። በአምስተርዳም ነጻ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች በዚች ፍጥረት አንጎል ውስጥ 100 ያህል ሕዋሳት አገኙ። ሕዋሳቱ እንደ አፕሊዝያ ከረጢት ሕዋሳት ዝም ብለው ይቈዩና በአንድነት ተነሥተው ለግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይተኩሳሉ፤ እንደዚሁ 36 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሆርሞን ያፈሳሉ፤ ከዚያም ያርፋሉ። ሁለቱ ሆርሞኖች ዘመዳሞች ናቸው። በባሕር የተገኘው ትምህርት በኩሬም ሠራ ማለት ነው። ሊምኒያ ደግሞ ለባዮምፋላርያ ከአፕሊዝያ ይልቅ የቀረበች ዘመድ ናት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ወደ ወንጂ ይመልሰናል። በጥገኛ ትል የተያዘች ቀንድ አውጣ ዕንቍላል መጣሏን ትቀንሳለች ወይም ታቆማለች። ለልጆቿ ታውለው የነበረው ምግብና ጉልበት ለትሉ እጮች ይሆናል። እርሷ ትኖራለች፤ የምታሳድገው ግን የሌላ ልጅ ነው። ትሉ ይህን የሚያደርገው እንዴት ነው? የአምስተርዳም ሰዎች ሊምኒያን የሚይዘውን የዳክዬ ትል ሲመረምሩ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሺስቶሶሚን ብለው የሰየሙትን ፔፕታይድ አገኙ። የሚያመነጨውም ትሉ ሳይሆን የቀንድ አውጣዋ የራሷ ሰውነት ነው። ይህ ፔፕታይድ ዕንቍላል የሚያስጥሉትን ሕዋሳት የመነሣሣት ኃይል ዝቅ ያደርጋል፤ ሕዋሱ አይሞትም፣ በሩ ግን በቀላሉ አይከፈትም። ጥገኛው የቤቱን ባለቤት ሳይገድል አፉን አስያዘው ማለት ነው።

ይሁንና እውነትን ለማሳመር ብለን መቍረጥ አይገባንም። በ2009 የታተመ ጥናት በአሜሪካ አህጉር በምትገኘው በባዮምፋላርያ ግላብራታ ላይ ተመሳሳዩን ፔፕታይድ መርምሮ፣ በቢልሃርዝያ ትል መያዟና ዕንቍላል ማቆሟ ከእርሱ ጋር እንደማይያያዝ የሚያመለክት ውጤት አገኘ። ስለዚህ በሊምኒያ የታየው ለባዮምፋላርያ እንዳለ አይገለበጥም። ትሉ በባዮምፋላርያ ላይ ሌላ መንገድ ይጠቀም ይሆናል። የግላብራታ ጠቅላላ የዘር መዝገብ በ2017 ታትሞ መውጣቱም ይህን ለመፈለግ ትልቅ መሣሪያ ሆኗል።

እኛም በዚሁ ሕግ ሥር ነን

ከዚህ ያነሰ የማያስደንቀው፣ በራሳችን አንጎል ውስጥ ተመሳሳይ ሥርዓት መኖሩ ነው። እናት ስታጠባ፣ ኦክሲቶሲን የሚያመነጩት የነርቭ ሕዋሳት በየጥቂት ደቂቃው በአንድነት ተነሥተው ይተኩሳሉ፤ 9 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ወደ ደም ይፈስሳል፤ ወተቱም ይወርዳል። በምጥ ጊዜ ማሕፀንን የሚያኰማትረውም ይኸው ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ከቀንድ አውጣው የተለየ ነው፤ ዘዴው ግን ይመሳሰላል፤ ብዙ ሕዋሳት አብረው ይጮኻሉ፣ ካልሲየም ይገባል፣ የተከማቸው ይፈስሳል፣ ቀጥሎ ዝምታ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይሁን?

ከላይ ወደ ተነሣው ክርክር እንመለስ። ይህ እውቀት ነገ ጧት ከወንጂ ቦይ ቢልሃርዝያን ያጠፋል ብለን አንልም። ዛሬ የሚያድነው መጸዳጃ ቤት፣ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ፣ የተጠረገ ቦይ፣ በጊዜው የተሰጠ ፕራዚኳንቴል ነው። እነዚህን የሚያዘገይ ሰው በምርምር ስም ሊያመካኝ አይገባውም።

ዳሩ ግን እንዶድም ቢሆን «ለምን ሞቱ?» ብሎ ከጠየቀ አንድ ሰው ነው የተገኘው። ቀንድ አውጣን የሚገድል መርዝ ብዙ ጊዜ ዓሣንም ይጎዳል፤ ከቀንድ አውጣዋ ዕንቍላል ጋር የሚሄድ መፍትሔ ግን የምትወልድበትን ትእዛዝ ማወቅን ይጠይቃል። የአፕሊዝያ ሕዋስ በካሊፎርንያ፣ የሊምኒያ በአምስተርዳም ተመርምሯል። የወንጂና የባቱ ቀንድ አውጣዎች በየትኛው ወር፣ በምን ያህል ሙቀት፣ ከዝናብ በፊት ወይስ በኋላ ዕንቍላል እንደሚጥሉ ለመከታተል ግን ቅርብ የሆንነው እኛ ነን። ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ባልዲ፣ የውሃ ሙቀት መለኪያ፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው፤ ወደ ውሃው ለሚወርድ ሰው ደግሞ የጎማ ቦቲና የእጅ ጓንት ግዴታ ነው።

በባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪ፣ በሕክምና፣ በመስኖ ምሕንድስና ክፍሎች ያላችሁ ጓደኞቻችን በአንድ ቦይ ዳር ልትገናኙ የምትችሉበት ጕዳይ ይህ ነው። ሕዝቡ ያስተማረን ችግሩን እንድናቃልልለት ነው ብለናል። ችግሩ ግን ውሃ ውስጥ ሆኖ ዕንቍላል ይጥላል፤ መቼና በማን ትእዛዝ እንደሚጥል ሳናውቅ አጠፋነው ብንል ራሳችንን እናታልላለን።